እማዬን ራውማ ብወስዳት ያዋጣል? (ፊንላንድ ያለችው የእንጨት ከተማ)

ሰብሊ_ኤስፖ፦
ሰላም ወገኖች፣ ፊንላንድ ያላችሁ ወይም ሄዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋር ናት፣ ለሶስት ወር ነው የመጣችው፣ ገና አንድ ወር ሳይሞላት ቤቱ ጠቧታል። እኛ ስራ ልጆቹ ሰመር ካምፕ ስንሄድ ብቻዋን ቁጭ ብላ በኪሮሽ ዳንቴል ስትሰራ ነው የምትውለው። ሶፋውን ጨርሳለች፣ ቲቪውን አልብሳለች፣ አሁን ማይክሮዌቩ ላይ ናት፣ በቀጣይ እኔን ሳታለብሰኝ አትቀርም ሃሃሃ።

ባለፈው አንዲት ፊንላንዳዊት የስራ ባልደረባዬ ቤት መጥታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳንቴል አይታ ስትገረም ስትገለብጠው ስትነካካው ቆየችና "እናትሽን ራውማ ሳትወስጃት ወደ ሀገሯ እንዳትልኪያት" አለችኝ። ባህር ዳር ያለች (የኛዋን ባህር ዳር አይደለም ማለቴ የባህር ዳርቻ) ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሰራች አሮጌ ከተማ ናት፣ ሴቶቹ እስከዛሬ ዳንቴል በእጅ ይሰራሉ አለችኝ። ጉግል ሳደርግ ፎቶው ያምራል ግን ፎቶ ሁሉ ያምራል።

ጥያቄዬ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል ወይ? እማዬ 68 አመቷ ነው ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ እውነት የሚሰራ ሰው ቁጭ ብሎ ይታያል ወይስ መስታወት ውስጥ ያለ ሙዚየም ብቻ ነው? ለሱ ከሆነ አራት ሰአት መንገድ አላስጨንቃትም። ባለቤቴ "ፖርቮ እዚሁ አጠገባችን አለ አይደል እሱም የእንጨት ከተማ ነው" እያለ ነው። የምታውቁ በናታችሁ።

ቱርኩ_ላይ_የቀረ፦
ሰላም ሰብሊ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡ። እኔ ቱርኩ ስለምኖር ራውማ ሶስቴ ሄጃለሁ፣ ከኛ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች አንድ ሰአት ተኩል ምናምን ነው። ካንቺ ግን ሩቅ ናት፣ ከሄልሲንኪ በአውቶቡስ ወደ አራት ሰአት ይፈጃል፣ የሰው ባቡር እዛ አይገባም፣ ስለዚህ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማለት ስምንት ሰአት አውቶቡስ ላይ ነው፣ በሚያም ጉልበት አይሆንም። አንድ ሌሊት እደሩ። ካልሆነ መጀመሪያ ቱርኩ ኑና አረፍ ብላችሁ በማግስቱ ሂዱ፣ ቡናው ከኔ።

አስቀድሜ ልንገርሽ እንዳትናደጂ፣ ባህሩን ከአሮጌው ከተማ ሆነሽ አታይውም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ባህር ባህር እያልኩ ስዞር ያገኘሁት መሀሏን የምታቋርጥ አንዲት ቦይ የመሰለች ወንዝ ናት። በኋላ ሲነግሩኝ ድሮ ወደቡ ቅርብ ነበር፣ ግን በዛ አካባቢ መሬቱ ራሱ ከባህሩ እየተነሳ ነው። የበረዶ ዘመን ላይ የተጫነው ግግር በረዶ ከቀለጠ ወዲህ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመለሳል፣ በ100 አመት ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ባህሩ ደግሞ ይሸሻል። ከተማዋ እዛው ቀረች ወደቡ ወደ ምእራብ ሄደ። ስለዚህ ባህር ማየት ካማራችሁ ወደቡ ድረስ ውጡ፣ በበጋ ጀልባ አለ፣ ኩልማፒህላያ የሚባል ለመርከብ ምልክት የሚሰጥ የመብራት ማማ ያለበት ደሴት ይወስዳል።

ከተማዋ ግን ሙዚየም አይደለችም፣ እዚህ ላይ አትስጊ። ከተማ ተብላ የተቋቋመችው በ1442 ነው፣ በ1640 እና በ1682 ተቃጥላለች፣ ከዛ በኋላ የመንገዱን አቀማመጥ ሳይነኩ እዛው ላይ ነው መልሰው የሰሩት። ወደ 600 የሚሆኑ የእንጨት ቤቶች አሉ፣ ዩኔስኮ በ1991 መዝግቧታል፣ ግን ሰው ይኖርባታል፣ ወደ 800 ሰው። ልብስ ተሰጥቶ ታያለሽ፣ ብስክሌት በር ላይ ተደግፎ፣ መስኮት ላይ ድመት። ፀጉር አስተካካዩም ወርቅ ቤቱም መጽሐፍ ቤቱም እዛው የእንጨት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

እሁድ አትሂዱ! ቅዳሜም ከሆነ በጠዋት። በሀበሻ 8 እና 9 ሰአት ላይ ሱቁ መዘጋጋት ይጀምራል፣ ከዛ ዝም ጭጭ ነው፣ የቀረው አንቺና እርግብ ብቻ።

ያሬድ_ዘ_ሄልሲንኪ፦
ባልሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። ፖርቮ ከሄልሲንኪ 50 ኪሎ ሜትር ናት፣ ወንዙ ዳር ቀያይ መጋዘኖች አሉ፣ ኮረብታው ላይ ካቴድራል፣ ቡናሽን ጠጥተሽ ፎቶሽን ተነስተሽ ለእራት ቤትሽ ነሽ። የእንጨት ቤት ያው የእንጨት ቤት ነው። ማዘርን ደግሞ ለዳንቴል ብሎ ያን ያህል መንገድ ማንገላታት አልገባኝም፣ ዳንቴል እኮ እራሳቸው ይሰራሉ።

አናጢው፦
"የእንጨት ቤት ያው የእንጨት ቤት ነው" የምትለዋን ባላየ አልፌ ነበር ግን ሙያዬ ነውና አላስቻለኝም። ፖርቮ ቆንጆ ናት አልክድም፣ በ1809 የሩሲያው ቀዳማዊ አሌክሳንደር ጉባኤ የጠራባት ታሪካዊ ከተማ ናት፣ ቅርብም ናት። ግን ሰብሊ የጠየቀችው በእጅ የሚሰራ ሰው አለ ወይ ነው፣ ለሱ መልሱ ራውማ ነው።

እኔ እዚህ ሀገር መጥቼ የግንባታ ሙያ ተምሬ አሁን አሮጌ ቤት ጥገና ላይ ነኝ፣ ራውማም ሄደን ሰርተናል። ስለዳንቴሉ አላውቅም፣ ስለቤቶቹ ግን የሆነ ነገር ልበልሽ፣ ስትሄዱ ለማዘር ታሳያቸዋለሽ።

ከመንገዱ የምታይው ያጌጠ ጣውላ፣ የመስኮት ዙሪያ ቅርጻቅርጽ ምናምን፣ አብዛኛው በ1890ዎቹ የተደረበ ነው። ያኔ ራውማ ከፊንላንድ ከተሞች ሁሉ የበለጠ የሸራ መርከብ የነበራት እሷ ነበረች፣ 57 መርከብ፣ ብር ሲመጣ ሰው ቤቱን አለበሰ። ከስር ያለው ግን የድሮው ግንድ ነው፣ በአግድም እየተነባበረ ማእዘኑ ላይ እርስ በርስ እየተነካከሰ የተገጣጠመ። ግቢ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ያልለበሰውን ታገኙታላችሁ፣ የድሮ ጎተራና በረት፣ ቀዩ ነገር። ቤቱን ከመንገድ በር ፈልጋችሁ አትልፉ፣ መግቢያው በግቢ በኩል ነው፣ ልክ እንደኛ ሰፈር፣ መጀመሪያ የግቢ በር ከዛ ቤት። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ስም አለው ተጽፎ ታይዋለሽ። መስኮት ላይ ወደ ውጪ የወጣች ትንሽ መስታወት ካያችሁ "የሀሜት መስታወት" ነው የሚሏት፣ ሴትየዋ ቡናዋን እየጠጣች ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳትነሳ የምታይባት ናት። እናቴ ብታያት አንድ ትገዛ ነበር።

አሁን ወደ ሙያው። የእንጨት ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው፣ የታችኛው ግንድ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል። ታዲያ ቤቱን አያፈርሱትም፣ በክሪክ ትንሽ ያነሱትና የበሰበሰውን ግንድ አውጥተው አዲስ ያስገባሉ። ስሙን ሲነግሩኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ "ጫማ ማድረግ" ነው የሚሉት፣ ለፈረስ ብረት እንደሚመታለት አይነት። አንድ ሙሉ ቤት በክሪክ ተንጠልጥሎ ከስሩ ተኝተሽ ስታይው ላብ ያሰምጥሻል። ከድንጋይ መሰረቱና ከግንዱ መሀል የበርች ዛፍ ልጥ ይነጠፋል ውሃ እንዳይወጣ፣ በግንዶቹ መሀል ያለችውን ስንጥቅ ደግሞ በምን እንደምንጠቀጥቃት ታውቂያለሽ? በተልባ። ፍሬው አይደለም የተክሉ ቃጫ፣ እንደ ሻካራ ፀጉር የመሰለ ነገር።

ቀለሙም ተልባ ነው። የተልባ ዘይት ላይ ቀለሙ ተበጥብጦ በስሱ ይቀባል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ትእግስት ይጠይቃል፣ ግን እንጨቱ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ቸኩሎ ፕላስቲክ ቀለም የቀባበት ቤት አጋጥሞኛል፣ ከውጪ ሲታይ አዲስ፣ ጣትሽን ስትጫኚው ግን ጭልጥ ብሎ ይገባል፣ ውስጡ ውሃ ይዞ እንደ ኬክ ሆኗል። የጓሮው ቀይ ቀለም ደግሞ ይበስላል፣ በርሜል ውስጥ ውሃ ከነዱቄቱ ተጥዶ ቀዩ አፈር ገብቶበት ይማሰላል፣ ቁርጥ የገንፎ አሰራር። አለቃዬ ማማሰያውን ሲሰጠኝ "ይሄንንማ እናቴ አስተምራኛለች" አልኩት።

ታሜላ የሚባል የጥገና ማእከል አለ እዛው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የቤት ባለቤቶች እንዴት እንደሚጠግኑ ምክር የሚያገኙበት። የድሮ መስኮት በር ምናምን ማየት ከወደዳችሁ ጎራ በሉ። ረዘመብኝ ይቅርታ።

ያሬድ_ዘ_ሄልሲንኪ፦
ኧረ አናጢው ቤቴን ልሸጥና እንጨት ቤት ልግዛ እንዴ ሃሃሃ። እሺ ተሸነፍኩ። ግን ፖርቮ አሁንም ቅርብ ናት።

እትዬ_አለም_ስቶክሆልም፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ሰብሊ ልጄ እኔ ከስዊድን ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ስራ ፈትቶ አያውቅም፣ ያንን የራውማን ስራ ሁለት ክረምት ሞክሬዋለሁና እኔ ልንገርሽ። እናትሽ በኪሮሽ ስለሚሰሩ ሲያዩት መጀመሪያ "ይሄማ የኔው ነው" ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ኧረ ይሄ ሌላ ነው" ይላሉ።

የኛ ዳንቴል አንድ ክርና አንድ ኪሮሽ ነው አይደል። ይሄኛው ከሽመና ነው የሚቀርበው። ድቡልቡል ጠንካራ ትራስ አለ፣ እሱ ላይ የተበሳሳ ወረቀት ይታሰራል፣ ንድፉ ማለት ነው። ክሩ የሚጠቀለለው ትንንሽ የእንጨት ዘንግ ላይ ነው፣ የሸማኔ ቀሰም አስቢ ግን እጀታ ያለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይንጠለጠላል። ለጀማሪ ስምንት ጥንድ ከሆነ 16 ዘንግ ከፊትሽ ተበትኗል ማለት ነው፣ ባለሙያዎቹማ ስንትና ስንት ጥንድ ነው የሚይዙት። የሚገርምሽ ግን እጅሽ ላይ በአንድ ጊዜ አራቱ ብቻ ናቸው ያሉት፣ እንቅስቃሴውም ሁለት ብቻ ነው፣ መሀለኞቹን ሁለቱን ታቋርጫለሽ፣ ከዛ ጥንዶቹን በየራሳቸው ትጠመዝዣለሽ። አለቀ። ያንን እያቀያየርሽ ነው አበባውም መረቡም ጠርዙም የሚወጣው፣ መገናኛው ላይ እስፒል ትተክያለሽ እንዳይሸሽብሽ። እንጨቶቹ ሲጋጩ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ጎበዝ ሴት ስትሰራው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው አይነት ነው፣ እኔ ስሰራው ግን እቃ እያጠበ የሚሰብር ሰው ነው የሚመስለው።

ኪሮሽ ላይ ከተሳሳትሽ ሳብ ነው፣ ሙልጭ ብሎ ይፈታል፣ እንደገና። እዚህ ግን የተሳሳትሽው ከሁለት መስመር በፊት ከሆነ እያንዳንዷን እርምጃ ወደ ኋላ እየቆጠርሽ ነው የምትመለሺው። እኔ አንዴ አልቅሻለሁ በእመቤቴ።

ክሩ ደግሞ ያው አናጢው ልጄ ካለው ተልባ ነው፣ በተለይ የድሮው። በ1700ዎቹና በ1800ዎቹ መጀመሪያ የራውማ ሴቶች ይሄን ለሴቶች ቆብ ጠርዝ እየሰሩ ሸጠው ያድሩበት ነበር። ቆቡ ከፋሽን ሲወጣ ገበያው ሞተ፣ ስራው ግን በየቤቱ ከእናት ወደ ልጅ ቀረ። እኛስ የሶፋ ዳንቴል ስንቱን ቤት አስተዳድሯል፣ አሁን ማን ይፈልገዋል፣ ልጆቻችን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከቱት። (አንቺን ማለቴ አይደለም ልጄ።)

ፒትስ ፕሪያ የሚባል የዳንቴል ሰሪዎቹ ቤት አለ፣ እሱን ጠይቂ፣ ሴቶቹ እዛ ቁጭ ብለው ሲሰሩ ታገኛላችሁ። አሮጌው ማዘጋጃ ቤትም ሂዱ፣ በ1776 የተሰራ ነው አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ የድሮዎቹ ዳንቴሎች አሉበት። አደራ የምልሽ፣ እናትሽ የሰሩትን አንድ ሁለት ዳንቴል ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ ቱሪስት ነሽ፣ ስራ ይዘሽ ከሄድሽ እንግዳ ነሽ። ስትገዢ ደግሞ በእጅ የተሰራ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ የማሽኑም ይሸጣል። የእጁ ውድ ነው ግን የጣት ስፋት ላለው ነገር ስንት ሰአት እንደሚፈጅ ካየሽ በኋላ አትከራከሪም።

ሰብሊ_ኤስፖ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እትዬ አለም እኔም መሳቢያ ውስጥ ነው የከተትኩት በጣም አፈርኩ። አናጢው የጻፍከውን ለእማዬ ሳነብላት "ቤቱን ጫማ ያደርጉለታል" የሚለው ላይ ስቃ ስቃ ሞተች። በቃ እንሄዳለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የዳንቴል ሳምንት የሚባል ፌስቲቫል አለ አሉኝ እሱን ጠብቀን ብንሄድ ነው ወይስ ከሱ በፊት? ሌላው ጾም ነው፣ ፍልሰታ ከገባ እማዬ ውሃ እንኳን በሰአቱ ነው፣ መንገድ ላይ አታስቡት።

ቱርኩ_ላይ_የቀረ፦
የዳንቴል ሳምንት ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው፣ በፈረንጅ ጁላይ ማለቴ ነው፣ ፍልሰታ በነሱ ኦገስት 7 ስለሚገባ አይጋጭም። የሐዋርያት ጾምም ጁላይ 12 ይፈታል፣ ስለዚህ በመሀል ያለችው ጊዜ ላንቺ የተሰራች ናት፣ ረቡዕና አርብን ብቻ አስቢ። ፌስቲቫሉ ከ1971 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዛ ሳምንት ሰው የግል ግቢውን ሳይቀር ይከፍታል፣ ሰሪዎቹ መንገድ ላይ ወጥተው ይሰራሉ፣ አንድ ምሽት ደግሞ "የጥቁር ዳንቴል ሌሊት" የሚሉት አለ፣ ሱቁ እስከ ማታ፣ ሙዚቃ፣ ሰው እንደ ጥምቀት። እኔ ወድጄዋለሁ ግን ለማዘር ጉልበት አይመችም፣ መኝታም አስቀድሞ ያልቃል። ኮብልስቶኑ ደግሞ የኛን አይነት የተጠረበ አይደለም፣ ድቡልቡል ነው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርጉ።

መኝታ ስትይዙ ታች ፎቅ በሉ። እኔ አንዴ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ አሮጌ ቤት ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ያዝን፣ ፎቶው ላይ ገነት ነው፣ ስንደርስ ደረጃው መሰላል ነው ማለት ይቻላል፣ እሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ነው የወጣችው። ማታ ሽንት ቤት ታች።

ለምግቡ፣ ገበያው አደባባይ ላይ ቡና አለ፣ ቡናቸው ሳሳ ያለ ነው በሊትር ነው የሚጠጡት፣ ከሱ ጋር ሄል ያለበት ለስላሳ ዳቦ ይሰጣሉ መሀሉ ላይ ቅቤ ስላለ ለጾም አይሆንም። ለጾም ቀን እንጆሪና አተር ግዙ፣ በበጋ ጥሬውን የአተር እሸት በሊትር እየለኩ ይሸጣሉ፣ እናትሽ እሸት ሲያዩ የት እንዳሉ ይረሳሉ። አሳም ሞልቷል፣ ግን አሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንጀምር እባካችሁ።

አናጢው፦
ማርያምን አትጀምሩ።

ሰብሊ_ኤስፖ፦
ተመልሰናል! ቃል ገብቼ ነበርና ልጻፍ። ከፌስቲቫሉ አንድ ሳምንት በፊት ነው የሄድነው፣ ማክሰኞ ሄደን ሐሙስ ተመለስን፣ ባለቤቴ እያጉረመረመ መኪና ነዳልን። ታች ፎቅ ያዝን።

የመጀመሪያው ቀን እማዬ ብዙም አልገረማትም እውነቱን ለመናገር። "የጣውላ ቤት ነው፣ ቀለሙ ቆንጆ ነው" አለች አለቀ። መስቀል ቤተክርስቲያን ገባን፣ የፍራንሲስካን መነኮሳት የነበሩበት የድንጋይ ቤተክርስቲያን ነው፣ ጣራው ላይ ከመካከለኛው ዘመን የቀረ ስእል አለ፣ እሱን ቆማ አየችና ተሳለመች። ዋናው የሥላሴ ቤተክርስቲያናቸው በ1640ው እሳት ተቃጥሎ ፍርስራሹ ብቻ እንዳለ ሳነብላት "ሥላሴን አቃጥለው የተዉት?" ብላ ተቆጣች፣ ወዲያው ፍርስራሹን ካላየሁ አለች፣ ሄድን። ማሬላ የሚባለውን የመርከብ ባለቤት ቤትም አየን፣ ምድጃዎቹን ወደደች፣ ሰው እንዲህ አይነት ምድጃ እያለው ለምን ይበርደዋል አለች። የሀሜት መስታወቷን አሳየኋት፣ አናጢው እናትህ ብቻ አይደለችም፣ የኔም ትፈልጋለች።

በማግስቱ ነው ዳንቴል ሰሪዎቹ ጋር የሄድነው። አንዲት ሽማግሌ ሴትዮ መስኮቱ ስር ቁጭ ብለው እየሰሩ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም፣ እጃቸውን ብቻ ታያለች። እኔ ላስተዋውቃት በፊንላንድኛ መናገር ስጀምር በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ምናልባት አምስት ደቂቃ ቆመች። ከዛ የኔን ቦርሳ ከትከሻዬ አወረደችና ዳንቴሏን አውጥታ ሄዳ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችላቸው። ሴትዮዋ ስራቸውን አቆሙ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገለበጡት። ገባችሁ አይደል፣ ፊቱን አይደለም ያዩት ጀርባውን ነው፣ ክሩ የት እንደተቋጠረ። ከዛ ቀና ብለው እማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበር ሳቡላት።

ሁለት ሰአት ተኩል! እኔ አስተርጓሚ ልሆን ነበር የሄድኩት፣ ማንም አልፈለገኝም። ሴትዮዋ እጇን ይዘው ያሳዩዋታል፣ እማዬ በአማርኛ "ቆይ ቆይ አታፍጥኚው" ትላለች፣ እሳቸው በፊንላንድኛ ይመልሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። ባለቤቴ አይስክሬም በላ፣ ድጋሚ በላ፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ተኛ። በመሀል አንድ ጊዜ ብቻ ጠራችኝ፣ ክሩን በጣቷ እያሸች "ይሄ ጥጥ አይደለም ምንድነው?" አለች። ከተልባ ነው እማዬ አልኳት፣ እትዬ አለም የነገሩኝን። "ተልባ? የምንጠጣው ተልባ?" አዎ፣ ግንዱ ውስጥ ክር አለው። ዝም ብላ ቆየችና "እኛ ፍሬውን ወቅተን ጭዱን እኮ ጣልነው" አለች። ከዛ ወደ ስራዋ።

የሰራችው አራት ጣት የምትሆን ነገር ናት፣ ጠርዟ ትንሽ ተንሻፋለች፣ ግን ሰርታለች። ስንወጣ ሴትዮዋ አንድ ንድፍ ወረቀት ሰጧት፣ እማዬ ዳንቴሏን ትታላቸው መጣች። ትራስና 20 ዘንግ ገዝቼላታለሁ፣ ዋጋውን ባለቤቴ እዚህ ሊያነብ ስለሚችል አልጽፍም። ያሬድ ፖርቮንም በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን እሺ?

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። እማዬ ከአስር ቀን በኋላ ትበራለች፣ ትራሱ ላይ ስራ ጀምራለች፣ ግማሽ ላይ ነው፣ ዙሪያውን እስፒል ተተክሎበታል። ይሄ ነገር በእጅ ሻንጣ ኤርፖርት ይገባል?

ያሬድ_ዘ_ሄልሲንኪ፦
ሃሃሃ ጎበዝ ማዘር! እስፒሎቹን ነቅለሽ በሚጫነው ሻንጣ ክተቻቸው፣ ትራሱን በእጅ።

እትዬ_አለም_ስቶክሆልም፦
እንዳትነቅይ! ስራው ይሸሻል፣ የለፉበት ሜዳ ላይ ይቀራል። ዘንጎቹን በላስቲክ አንድ ላይ እሰሪያቸው፣ ከላይ ፎጣ ጠቅልይበት፣ ትራሱን እንዳለ በሚጫነው ሻንጣ መሀል ልብስ ውስጥ አስቀምጪው። ለእናትሽ ደግሞ ስልኬን በውስጥ እልክልሻለሁ፣ ጥንድ መጨመር ሲደርሱ እዛ ጋ ሁሉም ሰው ይጠፋበታል፣ ይደውሉልኝ።